በሶ የበላው አበበ ለምን ከቤት አይወጣም?

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አበበን ያውቀዋል። ስሙን ያውቃል፣ ምን እንደበላ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የሚያውቅ ግን የለም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የእሱን ያህል ብዙ አንባቢ ያገኘ፣ የእሱንም ያህል ጥቂት የሠራ ገጸ ባሕርይ መፈለግ ድካም ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ከማንኩሳ ዲማ፣ ከዲማ አዲስ አበባ ድረስ ሄዷል፤ ያውም መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን። አበበ በአንጻሩ በሶ በልቷል። ታሪኩ ሦስት ቃል ነው፤ አንዱ ስም፣ አንዱ ምግብ፣ አንዱ መብላት። ወጣ፣ ሄደ፣ ደረሰ፣ ተመለሰ የሚባል ነገር የለበትም። ቀጥሎ የሚመጣው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ጫላና ስለ ጩቤው ነው። ታዲያ አበበ በሶውን ከበላ በኋላ ለምን ከቤት አልወጣም? ስንት ትውልድ እሱን እየጻፈ ሲያድግ ምሁራን ይህን አለመጠየቃቸው ያስገርማል። ልጆች ይጠይቃሉ፤ መልሱ ግን «ዝም ብለህ ጻፍ» ነው።

መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ መሆኑን እናረጋግጥ። ተጠራጣሪዎች ጽሑፉ ቦታ አይጠቅስም ይላሉ። ልክ ነው፤ አይጠቅስም። በሶው ግን ይናገራል። በሶ የመንገድ ምግብ ነው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ በከረጢት ይቋጠራል፤ ዘማቹ፣ ነጋዴውና የቆሎ ተማሪው ይዘውት ይወጣሉ። የትም ቢመሽ ውሃ ከተገኘ ጨው ጣል ተደርጎበት በጣት ይለወሳል። እሳት አይጠይቅም፣ ድስት አያስፈልገውም፣ ቶሎም አይበላሽም። በመንገድ ላይ የተበላ በሶ ሁልጊዜ መንገዱ አብሮት ይነገራል፤ እንትን ወንዝ ስንደርስ፣ እንትን ዛፍ ሥር አረፍ ብለን እየተባለ። የአበበ በሶ ወንዝ የለውም፣ ዛፍ የለውም፣ የጉዞ ጓደኛ የለውም። ከዚህ የሚወሰደው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፦ ሰውየው ስንቁን አሰናድቶ፣ መንገዱን ትቶ፣ ስንቁን ቤቱ ተቀምጦ በላው። በሶው ከአገር ቤት ከዘመድ የተላከለት መሆኑም አያጠራጥርም፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ገብስ ሲገዛ፣ ወፍጮ ቤት ሲሰለፍ ሊታይ አይችልምና።

ቤቱ የት ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ይመስላል፤ አይደለም። ዐረፍተ ነገር የሚጻፈው ነገሩ ለወሬ ሲበቃ ነው። መንዝ ውስጥ አበበ የሚባል ሰው በሶ ቢበላ ማንም ብዕር አያነሣም፤ እንዲያውም ባይበላ ነው የሚጻፈው። በሶ መብላት ለሰሌዳ የሚበቃው ሌላው ሰው ሁሉ ሌላ ነገር በሚበላበት ሰፈር ነው። ሥጋ ቤቱ ከክትፎ ቤቱ፣ ክትፎ ቤቱ ከመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የነበረበት፣ የጥብሱ ጭስ ከመሸ በኋላ በየመስኮቱ ይገባበት የነበረው የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ለዚህ የተገባ ነው። እዚህ ሰፈር በሶ የበላ ሰው ደጁን አላለፈም ማለት ነው፤ ቢያልፍ ኖሮ በሶ አይበላም ነበር። ስሙም ይደግፈናል። ካዛንቺስ የሚለው መጠሪያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም የመጣ ነው፤ ማለትም ሰፈሩ እንደ ሌሎቹ በደጃዝማች ወይም በወንዝ ስም ሳይሆን በቤት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ስም ይጠራል። አንድ ከባድ ተቃውሞ ግን አለ። ዛሬ ዛሬ ጁስ ቤቶች በሶ ይሸጣሉ፤ ከማር ጋር ተመትቶ በረጅም ብርጭቆ ይቀርባል። እንግዲያው አበበ ወጥቶ ጁስ ቤት ገብቶ ቢሆንስ? ተቃውሞው የሚወድቀው በግሡ ነው። የጁስ ቤት በሶ ይጠጣል። ጽሑፉ ጠጣ አላለም፤ ሊል ቢፈልግ የሚከለክለው አልነበረም።

ቤቱም ካዛንቺስም ከታወቁ የቀረው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን በአበበ ጠባይ ውስጥ የሚፈልጉ ሰዎች ስንፍና፣ ዓይን አፋርነት፣ ድብርት የሚሉ ቃላት ይወረውራሉ። እኔ ምክንያቱን የምፈልገው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ውስጥ ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ። ከተወረሱት ቤቶች የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ፍጡር የተወለደው ያኔ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የጭቃ ግድግዳው ያበጠ ነው፣ ቧንቧውና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ኪራዩ ግን ሳይነቃነቅ ዘመን ተሻግሮ በብዙ ቤቶች ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ በታች ወርዷል፤ ቦታውም የከተማው እምብርት ነው። እንዲህ ያለ ቤት አይሸጥም፣ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትም ክልክል ነው። የተከራዩ መብት ሁሉ የቆመው እዚያ በመኖሩ ላይ ነው። መኖር ደግሞ የሚረጋገጠው በመታየት ነው። በሩ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ከሰነበተ ጎረቤት ያያል፣ ኮሚቴ ያያል፤ ቤት ፈላጊ ግን ከሁሉም ቀድሞ ያያል። በ2013 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሕገ ወጥ መንገድ የተያዙና ተዘግተው የተገኙ የቀበሌና የጋራ መኖሪያ ቤቶችን አስጠንቶ ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ብዙ ሰው ደንግጧል። አበበ አልደነገጠም። በሩ ክፍት ነበር፤ እሱም ከነበሶው ውስጥ ነበር።

ነገሩን እንዲህ መልሶ ማቆም ይቻላል። አበበ መንገድ አስቦ ነበር፤ ለሠርግ ይሁን፣ ለለቅሶ፣ ለቁልቢ ስለት አይታወቅም። በሶውም ለዚያ ተቋጠረ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቁልፉን ለማን እንደሚተው ማሰብ ጀመረ። ለእትዬ እገሊት ቢሰጥ ልጃቸው ሊያገባ ደርሷል፣ ቤት የለውም። ለዘመድ ቢሰጥ ዘመድ ገብቶ ስሙን ያስመዘግባል። ለማንም ሳይሰጥ ቢሄድ ቤቱ ባዶ ነው ይባላል፤ በካዛንቺስ ደግሞ ባዶ የተባለ ቤት ባዶ ሆኖ አያድርም። ስለዚህ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ስንቁንም በላ። ሚስት ብትኖረው ኖሮ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀመጥ ነበር፤ ጽሑፉ ግን በላ እንጂ ተጎራረሱ አይልም። ሽንት ቤቱ የጋራና ከቤት ውጭ ከሆነ አበበ በቀን ጥቂት ጊዜ መውጣቱ አይቀርም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ግቢን ከቤት ለይቶ የሚቆጥር የካዛንቺስ ሰው ግን የለም። በዚህ ረገድ በሶ በራሱ ምልልሱን ምን ያህል እንደሚቀንስ ሐኪሞች ይናገሩ።

ብዙ ደጋፊ ያለው መላ ምት ግን የጫላ ነው። በዚህ አስተሳሰብ አበበ የማይወጣው ጫላ ጩቤውን ጨብጦ ደጅ ላይ ስለቆመ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ተከታትለው መጻፋቸው። ማስረጃው ደካማ ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ በግና ቢላዋ በአንድ ፊደል ሥር ይኖራሉ፤ እስካሁን የታረደ በግ የለም። ጫላም ጨበጠ ተባለ እንጂ መዘዘ፣ ሰነዘረ፣ ወጋ አልተባለም። እሱን ያስታጠቀው ቂም ሳይሆን ፊደል ነው፤ ለጨ ምሳሌ ሲፈለግ ተራው ደረሰውና ጩቤ ተሰጠው። ጨው ነበረ፣ ጭልፋ ነበረ። ከሁሉም በላይ ጭኮ ነበረ። ጭኮ ያው የታመሰ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ የበሶ የሥጋ ዘመድ። ጭኮ ደርሶት ቢሆን ሁለቱ በአንድ ትሪ ላይ ይቀርቡ፣ የፖለቲካ ተንታኞቻችንም ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር። እንዲያውም የመጨበጥ መብት የአበበ ነው፤ በውሃ የተለወሰ በሶ በመዳፍ ተጨምቆ ሲወጣ ጭብጦ ይባላልና። ማንም ያላስተዋለው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ጫላም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ለእሱም ወጣ፣ ሄደ የሚል ግሥ አልተጻፈለትም። ጩቤውን እንደጨበጠ ባለበት አለ። አንድ ሰው ለማንም ሳይሰነዝር፣ ወዴትም ሳይሄድ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጩቤ ጨብጦ የሚቆመው ምን ሲጠብቅ ነው? መልሱ ከግድግዳው ወዲህ ካለው ጎረቤቱ መልስ የተለየ አይመስለኝም። ጫላም የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው። አንዱ የሚጠብቀው እየበላ ነው፣ ሌላው እየጨበጠ።

ሌሎች ማብራሪያዎች ከፊል እውነት አላቸው። ሰፈሩ የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና የአፍሪካ አዳራሽ ጎረቤት ስለሆነ የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋል፤ አህጉሩ በ1955 ዓ.ም. አንድነት ድርጅቱን የመሠረተው እዚሁ አፍንጫው ሥር ነው፣ ከዚያ ወዲህም እንግዳ ተቋርጦ አያውቅም። እንግዳ ሲያልፍ ግን መንገድ ይከፈታል፤ አበበ ያኔም አይወጣም። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሌሊቱን እንጂ ቀኑን አያስረዳም፤ ያውም ካዛንቺስ ውስጥ ሰዓት እላፊ ብዙ ሰው ያሳደረው በገዛ ቤቱ ሳይሆን በሰው መጠጥ ቤት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሁሉም ቤቱ እንዲቆይ ሲነገር ማስታወቂያው የማይመለከተው ብቸኛ ዜጋ አበበ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው የቆጠራው ማብራሪያ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ተቆጥሯል፤ አራተኛው ቆጠራ ቀን እየተቆረጠለት ሲራዘም ኖሯል። ቆጣሪ ሲመጣ ቤቱ ያልተገኘ ሰው የለም ተብሎ ይታለፋል፤ በቀበሌ ቤት ውስጥ የለም መባል ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል። አበበ ከ1999 ወዲህ ቆጣሪውን እየጠበቀ ቢሆን አልፈርድበትም። ይህ ማብራሪያ ግን ከእኔው ሐሳብ ውጭ ሳይሆን ውስጡ ነው።

በውጭው ዓለም ከቤት ባለመውጣት የታወቁ ገጸ ባሕርያትም ይህንኑ ያጠናክራሉ። የሩሲያዊው ጎንቻሮቭ ኦብሎሞቭ እ.ኤ.አ. በ1859 ሲታተም አንባቢው ሁሉ ስንፍናውን አየ፤ ካባውን ለብሶ አልጋው ላይ ተጋድሞ መጽሐፉ ይገፋልና። ልብ የተባለ አይመስለኝም እንጂ ሰውየውን በዚያ አልጋ ላይ ካስጨነቁት ሁለት ነገሮች አንዱ የቤቱ አከራይ ልቀቅ ማለቱ ነበር። ቤት ልቀቅ የተባለ ሰው አለመነሣቱ ስንፍና ከተባለ ካዛንቺስ በሙሉ ሰነፍ ነበረ ማለት ነው። ኦብሎሞቭ ግን ርስት ነበረው፣ የሚያለብሰው አገልጋይ ነበረው፤ ኋላም ሰፈር ለወጠ፣ ከወንዝ ማዶም ተሻግሮ ኖረ። በአሜሪካዊቷ ሃርፐር ሊ ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ቡ ራድሊ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ተዘግቶ ኖሮ በመጨረሻ ልጆቹን ለማዳን ወጥቷል። ይህን የመጽሐፉ ታላቅ ጊዜ ነው ይላሉ። የራድሊ ቤት የቤተሰቡ ቤት ነው፤ አንድ ሌሊት ቢወጣ የሚያሽግበት የለም። አበበን ከእሱ ጋር ማወዳደር ግፍ ነው።

ጨርሶ ያልጠበቅሁት፣ ግን ሊታለፍ የማይችል ተቃውሞ ከስፖርት ወገን ይመጣል። አበበ የሚባል ሰው ከቤት እንደሚወጣ ዓለም አይቷል ይላሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቷል፤ ያውም ለዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሁሉም ቤቱ በሚሰበሰብበት ቀን። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞታል። ማንም አበበ ከዚህ በላይ ከቤት ሊርቅ አይችልም። እውነት ነው። ሆኖም ቀኖቹን እንይ። ሮም ከአዋጁ 15 ዓመት ይቀድማል፤ ቶኪዮ 10 ዓመት። ጀግናው ያረፈው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው፤ የቀበሌ ቤት የሚባለውን ነገር አላየም። ስለዚህ ይህ ምሳሌ የእኔን ሐሳብ ከመጣል ይልቅ ያቆመዋል፦ ከአዋጁ በፊት የነበረው አበበ ጫማ እንኳ ሳያደርግ ይወጣ ነበር፤ ከአዋጁ በኋላ የቀረው ስንቅ ይዞ እንኳ አይወጣም።

የማንኛውም ሐሳብ ፈተና ወደፊት የሚሆነውን መተንበዩ ነው፤ ይኼኛው ፈተናውን አግኝቷል። በ2017 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ የቀበሌ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪም ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። የጫላ መላ ምት ደጋፊዎች ይህን በተመለከተ የሚሉት የላቸውም፤ አበበን የያዘው ጩቤ ቢሆን ኖሮ የግሬደር መምጣት ምንም ሊለውጥ አይገባም ነበር። ይሁን እንጂ አበበ ከቤት ወጣ ማለት ይቻላል? በጥብቅ ስንመረምረው አይቻልም። ከቤት መውጣት ማለት ቤቱ ባለበት ሲቀር ሰው ሲሄድ ነው። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ቀድሞ የሄደው ቤቱ ነው። አበበ ዕቃውን፣ ፍራሹን፣ ጣሳውን ጭኖ አይሱዙ ላይ ሲወጣ ትቶት የሚወጣው ቤት አልነበረም፤ በትክክለኛው አነጋገር ቤቱን ተከትሎ ነው የሄደው። ከግንባታ በኋላ ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና አግዳሚ ወንበር በተሠራበት በዚያ ቦታ አሁን ከቤት መውጣት የሚያጓጓ ሆኗል፤ የሚወጣው ሰው ነው የሌለው።

በገላን ጉራ ሁኔታው ይለወጣል የሚሉ ብሩህ ተስፋ ያላቸው ባልደረቦች አሉ። ምትክ ቤት አግኝቷል፣ ከእንግዲህ ይንሸራሸር ይላሉ። ምትክ ቤትም ግን ማን እንዳለበት የሚታወቅ፣ ተዘግቶ ከተገኘ የሚያነጋግር ቤት ነው፤ የለመደውን ጥንቃቄ የሚያስተውበት ምክንያት አይታየኝም። አዲስ ነገር ቢኖር ርቀቱ ነው። ለዕድር ወርኃዊ ስብሰባ፣ ለቀድሞ ጎረቤት ለቅሶ፣ ለዑራኤል ንግሥ ወደ ሰፈሩ ልሂድ ቢል ታክሲ እየቀያየረ፣ ሰልፍ እየጠበቀ የሚዋልበት ጉዞ ነው፤ ስንቅ የሚያስቋጥር ርቀት ማለት ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሶ ለታሰበለት ሥራ ያስፈልገዋል። የያዘውን ግን በልቶታል፤ ጽሑፉ በዚህ ላይ አያሻማም። ሌላ እስኪመጣለት የአገር ቤት ዘመዶቹን መጠበቅ አለበት፤ እነሱ የሚያውቁት አድራሻ ደግሞ የካዛንቺሱን ነው፤ በሶው ሲደርስ እዚያ ቆሞ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል።